አሥራ አራተኛው ጉድጓድ

የአሥራ አራተኛው ጉድጓድ መስመር የተበላው እኔ ስለዋሸሁ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ተናድጄ ነበር፤ ዋሸሁ። የትምህርት ቤቱ የውሃ ማማ ወደቀ፣ የዘበኛው ክንድ ተሰበረ፣ ሰፈራችንም ባዶ ከመቅረት ለጥቂት ተረፈ። በውሃ መሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ላይ ግን ጥፋተኛ ተብላ የተጻፈችው እህቴ ናት። ሪፖርቱን ካነበብኩት ስድስት ወር ሆነኝ። ሌላ ሰው ያስተካክለዋል ብዬ ስድስት ወር ሙሉ ጠበቅኩ፤ ማንም አላስተካከለውም። መጠበቅ ደግሞ አልወድም።

ከእንግዶቹ ልጀምር፤ የዛሬ ልጆች አያውቋቸውም።

«እንግዶች» ያልናቸው ስም ስላጣንላቸው ነው። የመጡት በአንድ ክረምት ከዝናብ ጋር ነበር። ከየትኛው ኮከብ እንደተነሱ አዋቂዎች በቴሌቪዥን ብዙ ተናግረዋል፤ እኔ የማስታውሰው ክራባት ያሰረ ሰውዬ በዱላ ሰማይ ሲጠቁም ብቻ ነው። አንዱ ብቻውን ከአሸዋ ቅንጣት አይበልጥም። ሲሰበሰቡ ግን ብረት ይበላሉ። መጀመሪያ ቧንቧውን፣ ቀጥሎ ድልድዩን፣ በመጨረሻ በየግድግዳው ውስጥ ያለውን ብረት። እኛ ጋ ከመድረሳቸው በፊት ሁለት ትልልቅ ከተሞችን መሬት አስተኝተዋል። ጨው ይገድላቸዋል፤ ይህን ቶሎ ደርሰንበታል። ችግሩ የት እንዳሉ ማወቁ ላይ ነበር።

ሲጓዙ ያፏጫሉ። ፉጨቱ እጅግ ቀጭን ስለሆነ ትልቅ ሰው አይሰማውም፤ ዕድሜ ከጆሮ ላይ ቀድሞ የሚወስደው ይህንኑ ቀጭን ድምፅ ነው። በዚህ ምክንያት ዓለምን የመጠበቅ ሥራ ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ሰባት ዓመት ባሉ ልጆች እጅ ወደቀ። ጄኔራሎቹ አልተደሰቱም፤ እናቶችም አልተደሰቱም። ልጆቹ ብርቱካናማ ጃኬት ስለተሰጣቸው ተደስተዋል። ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች ያለ እንዳይገባ መመሪያው ይከለክላል። ምክንያቱም በጽሑፍ ተቀምጧል፦ «ሕፃን ልጅ ቀልቡን አይሰበስብም፤ ይዋሻልም።»

ሥራው እንዲህ ነው። ውሃ የሚለቀቀው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ውሃው መፍሰስ ሲጀምር እንግዶቹ ይነሳሉ፤ ለአንድ ሰዓት ያህል እያፏጩ ይጓዛሉ፣ ከዚያ ዝም። በዚያች ሰዓት አድማጩ ከጉድጓድ ጉድጓድ እየሄደ ክዳን ይከፍታል፤ ረጅሙን የብረት ዘንግ ቧንቧው ላይ ያቆምና በጫፉ ያለውን የእንጨት ኩባያ ጆሮው ላይ ይለጥፋል። ከሰማ እጁን ያነሳል። በመኪና ከኋላ የሚከተሉት ሠራተኞች ከፊትና ከኋላ ያሉትን ቫልቮች ይዘጋሉ፤ እንግዶቹ መሃል ይቀራሉ፤ ጨው ይለቀቅባቸዋል። አንድ አድማጭ፣ አንድ መስመር። ሁሉም መስመር በአንድ ሰዓት ስለሚደመጥ አንዱ የሌላውን መሸፈን አይችልም። መስመሩ አድማጭ ካጣ ሰፈሩ ይለቀቃል፤ ሕዝቡ ዕቃውን ይዞ ወደ ድንኳን ይሄዳል።

የእኛ መስመር አድማጭ እህቴ ነበረች፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ። መስመሩ በቤታችን በር አልፎ፣ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ሄዶ፣ እናቴ የምታዋልድበት ክሊኒክ ጋ ያበቃል። አባታችን እኔ አፍ ሳልፈታ ሞቷል። እናቴን ሰው ሁሉ «ሲስተር» ይላታል፤ ግማሹን ሰፈር ወደ ዓለም ያመጣችው እሷ ስለሆነች ሰልፍ ላይ ማንም አይቀድማትም።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ እህቴ ቀሰቀሰችኝ።

«ሚጣ፣ ተነሺ። ጨዋታ አለ።»

«ምን ጨዋታ?»

«ከእኔ ጋር ትመጫለሽ። እኔ ካዳመጥኩ በኋላ አንቺም ታዳምጫለሽ። ሲሪሪሪ የሚል ነገር ከሰማሽ እንዳትናገሪ፤ የጃኬቴን ጫፍ ሳብ ማድረግ ብቻ። ቀድሞ የሰማ አሸናፊ ነው።»

«ካሸነፍኩስ?»

«ከረሜላ።»

«ሁለት።»

«አንቺ ነገረኛ! እሺ፣ ሁለት። በሩን ደግሞ እንዳታላጊው። አድማጭ በር አያላጋም።»

በር ማላጋት አመሌ ነበር። ያን ቀንም አላጋሁት።

በሦስት ወር ውስጥ አንድም ቀን አልተሸነፍኩም። እህቴ ኩባያውን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ከዚያ ዘንጉን ወደ እኔ ታዘነብላለች። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ከጉድጓዱ የእርጥብ አፈርና የዝገት ሽታ ይወጣል፣ ውሃው ከታች እንደ ሆድ ያጉረመርማል። ፉጨቱ ሲመጣ ጃኬቷን እስባለሁ። እጇ የሚነሳው ያኔ ነው። ቀርፋፋ ናት ብዬ ደመደምኩ። አንዳንዴ አሳዝናኝ፣ እንድትቀድመኝ ብዬ ሆን ብዬ ቆየት እላለሁ፤ ያኔም አትቀድመኝም። ይህች ናት እንግዲህ ዓለምን የምትጠብቀው እያልኩ ከረሜላዬን አኝክ ነበር።

ለሠራተኞቹ «እናቴ ተረኛ ናት፤ የት ልተዋት?» ትላቸዋለች። እነሱም አመኑ። እኔም ያው እንደሆነ አምኜ ነበር።

የሠራተኞቹ አለቃ ጋሽ ቁልፍ ነው። እውነተኛ ስሙን እስካድግ አላወቅኩም። ቁመቱን የሚያህል የቫልቭ መዝጊያ ቁልፍ ትከሻው ላይ ሳይኖር የታየበት ቀን የለም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቤታችን መጣ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ የቤት ሥራ እየሠራሁ ነበር፤ ማለትም እያዳመጥኩ።

«ሲስተር፣ ትልቋ ልጅ ደህና ናት?»

«ምነው ጋሼ? ምን ሆነች?»

«ባለፈው ከኋላዋ ሆኜ የመፈተኛውን ፊሽካ፣ ያንን እኛ ትልልቆቹ የማንሰማውን፣ ነፋሁባት። ለቀልድ ነው። ዞርም አላለች።»

«ሥራ ላይ ሆና ይሆናላ።»

«ይሆናል። ግን የወሩ መጨረሻ ላይ ፈተና አለ። ልጆቹን እንደምታውቂው ነው፤ ሲጠፋባቸው አይናገሩም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።»

እናቴ ብርጭቆዋን ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ ሰማሁ። «ካልሰማች ምን ይሆናል?»

«ተተኪ የለኝም።»

እኔ የተረዳሁት እንዲህ ነው፦ እህቴ ትልቅ ሰው ሲጠራት ዞር ባለማለቷ ተከሳለች። ትዕቢቷ በመጨረሻ ታወቀባት። ደስ አለኝ።

የዋሸሁበት ቀን ማክሰኞ ነው። ጠዋት ከውሃው በፊት አድማጮቹ መኪናው አጠገብ ተሰብስበው ነበር። ቀጮ የሚባል አንድ ረጅም ልጅና መንታ ወንድማማቾች ነበሩ።

«ኧረ ጭራዋ መጣች!» አለ ቀጮ። «ጭራ ሆይ፣ ዛሬስ ስንት እንግዳ ልትቀበይ ነው?»

«ተዋት፣ ጭራ ዝንብ ታባርራለች» አለ አንደኛው መንታ።

እህቴን አየኋት። አብራቸው ሳቀች። ይህን አልጠበቅኩም። በዚያ ላይ አሥራ አራተኛው ጉድጓድ ስንደርስ ጃኬቷን እንደምታለብሰኝ ቃል ገብታልኝ ነበር። ደርሰን ስጠይቃት ዙሪያዋን አየች።

«ዛሬ አይሆንም። ሰው እያየን ነው።»

«ቃል ገብተሻል!»

«ሚጣ፣ ባክሽ፤ ጊዜ የለንም።»

አዳመጠች። ዘንጉን አዘነበለችልኝ። ሰማሁ። እንደ ሌላው ቀን ቀጭን ክር አልነበረም፤ ሺህ መርፌ መስታወት ላይ ሲጎተት ነበር፤ እስከ ጥርሴ ድረስ ገባ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

«ሚጣ?»

«ምንም የለም።»

አየችኝ፤ ረጅም ጊዜ። ደብተሯን አውጥታ ጻፈች፣ ክዳኑን መለሰች፣ ለጋሽ ቁልፍ ሰዎች «እለፉ» የሚለውን ምልክት ሰጠች። ዛሬ ተሸነፍሽ አልኩ በልቤ። ጠብቂ።

ያን ቀን ከትምህርት ቤት ልትወስደኝ የመጣችው ዘግይታ ነው። መዳፎቿ ሁለቱም ውሃ ቋጥረው ነበር። ሁለት ከረሜላ ሰጠችኝ፤ ሳላሸንፍ።

«እጅሽን ምን ሆንሽ?»

«ምንም።»

«ከቀጮ ጋር ተደባድበሽ ነው?»

«አዎ፣ አንቺን ጭራ ስላለሽ» አለችና ሳቀች። አመንኳት፤ ትንሽም ራራሁላት። ማታ እናቴ ክሊኒኩ ውስጥ ውሃ ጠፍቶባቸው በበርሜል ሲሠሩ እንደዋሉ አወራች። በማግስቱ ጋሽ ቁልፍ መንገድ ላይ ቆሞ «ትርፍ ቁልፌን የወሰደው ሌባ ማነው? ለማን ሊሸጠው ነው?» እያለ ሲጮህ ሰማሁት። እነዚህ ሦስት ነገሮች አንድ ነገር መሆናቸውን ለማወቅ አሥራ ሰባት ዓመትና አንድ ደብተር ፈጅቶብኛል።

ረቡዕና ሐሙስ ንጋት አኩርፌ ከአልጋ አልወረድኩም፤ እህቴ ብቻዋን ሄደች። ሐሙስ ጠዋት ተማሪ ሳይገባ የትምህርት ቤቱ የውሃ ማማ ሦስት እግሩ ተበልቶ በአራተኛው ቆመ፤ ከዚያ እሱም ተወው። ድምፁን እቤት ሆኜ ሰማሁት። ስንደርስ ግቢው ሐይቅ ሆኖ ዘበኛው ክንዱን ታቅፎ በሩ ላይ ተቀምጧል። «ቁርሴን ሳልበላ!» ይላል፤ «ቢያንስ ቁርሴን ቢያስጨርሱኝ ምን ነበረበት?» ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ማማው ከአሥራ አራተኛው ጉድጓድ ሃያ እርምጃ ነበር።

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ከዋናው መሥሪያ ቤት መጣች፤ አጭር ፀጉርና ትልቅ ቦርሳ ያላት ሴት። እህቴን ወንበር ላይ አስቀምጣ ከጀርባዋ ፊሽካውን ነፋች። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ጆሮዬን ያዝኩ። እህቴ ንቅንቅ አላለችም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች መርማሪዋ።

«ሦስት ወር።»

«ሦስት ወር ሙሉ! ታዲያ እስካሁን እንዴት...?»

«በግምት» አለች እህቴ። «ዕድል ነበረኝ፤ አለቀ።»

ስለ እኔ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። መርማሪዋ ጻፈች። ሰፈሩ በሦስት ቀን ውስጥ እንዲለቀቅ ተወሰነ። እህቴ ጃኬቷን አውልቃ ምስማር ላይ ሰቀለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

እናቴና ጋሽ ቁልፍ ብቻቸውን ቀሩ።

«አራት እርጉዝ ሴቶች አሉኝ» አለች እናቴ። «አንዷ ዛሬ ነገ ናት። ድንኳን ውስጥ ላዋልድ?»

«ምን ላድርግ ሲስተር? እንግዶቹ አሁንም መስመሩ ውስጥ ናቸው። የት እንዳሉ የሚነግረኝ የለም። የልጅቷ ጆሮ ሞቷል።»

ሞቷል። ማክሰኞ ዋሸሁ፤ ሐሙስ ጆሮዋ ሞተ። ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ወጣሁ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«ምኑን?» አለች እናቴ።

«ጆሮዋን! ሰምቼ አልሰማሁም አልኳት። ጃኬቷን አልሳብኩም። ከዚያ ሞተ።»

እናቴ ትኩሳት ያለኝ መስሏት ግንባሬን ዳሰሰች። ጋሽ ቁልፍ ግን ቁልፉን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስተኛው፤ ሲያስቀምጠው ያየሁት የመጀመሪያ ቀን ነው። ተንበረከከ።

«ጃኬቷን የምትስቢው መቼ ነው?»

«ስሰማ ነዋ። ጨዋታው እንደዚያ ነው። ሁልጊዜ እኔ ነኝ የማሸንፈው።»

«ሁልጊዜ?»

«እሷ ቀርፋፋ ናት።»

ጋሽ ቁልፍ ወደ እናቴ ቀና አለ፣ መልሶ ወደ እኔ። መርማሪዋ የተወችውን ፊሽካ ከጠረጴዛው አንስቶ ጀርባውን ሰጠኝ። ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል። «ስንቴ ነፋሁ?»

«ሦስት። አራተኛው የውሸት ነው፤ አልነፋኸውም።»

«በስመ አብ!» አለ። ፊሽካውን ኪሱ ከተተ። «መመሪያው ልክ ነው» አለ በመጨረሻ፤ «ልጅ ይዋሻል። ግን መስማት ይሰማል።»

እናቴ ተቆጣች። «ዘጠኝ ዓመቷ ነው ጋሼ! እህቷ እንደ ዕቃ ስትጠቀምባት ከርማለች፤ አሁን ደግሞ አንተ...»

«አንድ ጠዋት ብቻ ሲስተር። አንድ።»

የአንድ ጠዋቱ ነገር አምስት ዓመት ሆነ፤ ይህን ለእናቴ የነገራት አልነበረም። በማግስቱ በአሥራ ሦስተኛውና በአሥራ አራተኛው ጉድጓድ መካከል አገኘኋቸው፤ ጨው ገባ፤ ፉጨቱ እየቀጠነ ሄዶ ቆመ። ሰፈሩ አልተለቀቀም። ዛሬ ነገ ናት የተባለችው ሴት በሦስተኛው ቀን ወንድ ወለደች፤ ልጁ ዛሬ ከእኔ በላይ ረዝሞ ያስቸግራል። ውሃ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ከብዙ ስብሰባ በኋላ መመሪያውን ቀይሮ አድማጮችን ጥንድ አደረገ፤ አንድ የሚሰማ ትንሽ ልጅ፣ አንድ መስመሩን የሚያውቅ ትልቅ ልጅ፤ ሁሉን እያወቁ፣ ያለ ከረሜላ። በአራተኛው ዓመት የእንግዶቹ ፉጨት ከሁሉም ከተሞች ጠፋ። ለአንድ ዓመት ያህል ዝምታ አዳመጥን፤ ከዚያ ወደ ቤታችን ሂዱ አሉን።

እህቴ ዛሬ የመስመሩ አለቃ ናት፤ የጋሽ ቁልፍን ቁልፍ የምትሸከመው እሷ ናት። እኔ ምህንድስና ተምሬ እዚያው መሥሪያ ቤት ገባሁ። ሪፖርቱን ያገኘሁት አሮጌ መዝገብ ስፈልግ ነው። «አድማጯ ባለመስማቷ» ይላል። ቀጥሎ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ከክሊኒኩ በፊት ያለው አሥራ አምስተኛው ቫልቭ ባልታወቀ ምክንያት ዝግ ሆኖ በመገኘቱ ጉዳቱ ወደ ክሊኒኩ አልደረሰም።» ያን ቫልቭ ለመዝጋት ሁለት ወንድ ያስፈልጋል።

ደብተሩ በዚያው ሳጥን ውስጥ ነበር። የማክሰኞው ገጽ ላይ፣ በእህቴ ጠማማ ጽሕፈት፦ «14 — ሚጣ ተናዳለች። የሰማች ይመስለኛል፤ ጥርሷን ነከሰች። ብናገር እንዴት አወቅሽ ይሉኛል። ተመልሼ 15ን ለብቻዬ እዘጋለሁ። 13ን ነገ።» 13ን በማግስቱ ሞክራዋለች፤ አልዞረላትም። ለጋሽ ቁልፍ መናገር ነበረባት። ያን ጊዜ ሁለታችንም አጥፍተናል፤ ዕድሜዋን ሳየው የእሷ ጥፋት ይበልጣል። የተጻፈው ግን የሁለታችንም በእሷ ስም ነው። የእርማት ማመልከቻ እንዳስገባሁ ስነግራት «ምን ታካብጃለሽ?» አለችኝ። አስገብቻለሁ።

ማማው በወደቀ ማግስት፣ በዚያ ዓርብ ጠዋት ጎህ ሲቀድ እናቴ ፊቴን አጥባኝ ወደ ክሊኒኳ ሄደች። ጋሽ ቁልፍ ውጭ ይጠብቀኛል። እህቴ አሁንም ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታለች። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«እቴቴ።»

ብርድ ልብሷን ሳብ አደረግኩ።

«ማክሰኞ ሰምቼ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ተናደድኩ። ሁልጊዜ አውቃለሁ ማለት ትወዳለች፤ ተሸንፋ እንኳን ማሸነፍ ትፈልጋለች። በእውነት ታውቅ እንደነበር ደብተሩን እስካይ ድረስ አልገባኝም።

«ይቅርታ» አልኩ።

ዞረች። ዓይኗ አብጧል። «ይቅርታ የምልሽ እኔ ነኝ። ጨዋታ አልነበረም፤ ገባሽ? ከዛሬ ጀምሮ ስትስቢ ለምን እንደምትስቢ እያወቅሽ ነው። እምቢ ማለትም ትችያለሽ።»

አሰብኩበት። «ከረሜላውስ?»

«አንቺ ነገረኛ!» አለች፤ ሳቋ ግማሹ ልቅሶ ነበር።

ተነስታ ጃኬቱን ከምስማሩ አወረደች፤ አለበሰችኝ። ጉልበቴ ድረስ ደረሰ። እጅጌውን ሦስት ጊዜ አጠፈችው።

«ጉድጓዶቹን በቅደም ተከተል አላውቃቸውም» አልኩ። «ክዳኑንም ማንሳት አልችልም። ጋሽ ቁልፍ ደግሞ ያወራል፤ ሲያወራ አልሰማም።»

«እና?»

«እና ነይ።»

ጫማዋን ስታጠልቅ አየኋት። መዳፎቿ ላይ ጨርቅ ጠምጥማለች። ዘንጉን አንስታ በሩን ከፈተች፤ የጃኬቴን ጫፍ በሁለት ጣቷ ያዘች።

«እንግዲህ ዛሬ ጭራዋ እኔ ነኝ» አለች።

አስቀደምኳት። ወጣሁ፣ መለስ አልኩ፣ እጀታውን በሁለት እጄ ይዤ ጎተትኩት፤ በሩ ኮሽ ሳይል ተዘጋ።